ኒውዮርክ ወዳጅ ጥየቃ ስትሄዱ የት ትበላላችሁ? ሰፈሮቹን እናወዳድር

ኒውዮርክ ወዳጅ ያለው ሰው ሆቴል አይቸግረውም፤ ሶፋ ይበቃዋል። የሚቸግረው የምግቡ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ምግብ ቤት አለ። እናንተ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ወዳጃችሁ ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት፣ ወይም የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ጠዋት ይተኛል። ስልካችሁ ላይ ያጠራቀማችሁት የምግብ ቤት ዝርዝር ከከተማዋ ጫፍ እስከ ጫፍ የተበተነ ነው። እሱን ተከትላችሁ ከሄዳችሁ ቀኑ ባቡር ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ ምግብ ቤት አትምረጡ፤ ሰፈር ምረጡ። ለአንድ ቀን አንድ ሰፈር። እዚያ ደርሳችሁ ከአንዱ ቤት ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ እየቀመሳችሁ በእግር ትዞራላችሁ። ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ሳህን አዝዞ ይጠግባል፣ ቀኑም እዚያው ያበቃል። አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ግን አንዱን ሳህን ለአራት ተካፍላችሁ ወደሚቀጥለው ቤት ማለፍ ትችላላችሁ። አንድ ማዕድ ከቦ መብላት ለምዶብናል። ኒውዮርክ ላይ ይኸው ልማድ ገንዘብም ይቆጥባል።

ሳወዳድር የማየው ጥቂት ነገር ነው። ሰፈሩ ተካፍሎ ለመብላት ይመቻል ወይ? ወረፋው ስንት ያስቆማል? ኪስ ይጎዳል ወይ? ከመሀላችሁ ጾመኛ ወይም አሳማ የማይበላ ካለ ምን ያገኛል?

ኩዊንስ፣ በ7 ቁጥር ባቡር

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ መልሴ ኩዊንስ የሚባለው የከተማዋ ክፍል ነው። 7 ቁጥር ባቡር ከማንሃተን ተነስቶ ኩዊንስ ሲገባ ከመሬት በላይ ይወጣና ረጅሙን መንገድ በሩዝቬልት ጎዳና አናት ላይ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ሰፈር በየፌርማታው አገር የቀየራችሁ ያህል ይለዋወጣል። ባቡሩን «ዓለም አቀፉ ኤክስፕረስ» ብለው የሚጠሩትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጃክሰን ሃይትስ ውረዱ፣ 74ኛ መንገድ ላይ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። 7 ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። ምልክቱ ክብ የሆነው በየፌርማታው ይቆማል። ምልክቱ ዳይመንድ የሆነው ፈጣኑ ባቡር 74ኛን ዘሎ ያልፋል። ወዳጃችሁ ሌላ ሰፈር የሚኖር ከሆነ እሱም ይህን ላያውቅ ይችላል።

ጃክሰን ሃይትስ ላይ ሕንዶች፣ ባንግላዴሾች፣ ኔፓሎች፣ ቲቤቶች፣ ኮሎምቢያዎችና ሜክሲኮዎች ጎን ለጎን ይነግዳሉ። ለመጀመሪያ ሞሞ ብሉ። በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ ነው። ብዙውን ጊዜ በበሬ ሥጋ ወይም በዶሮ ይሠራል፤ አትክልት ብቻ ያለበትም አለ። ከጎኑ የሚቀርበው ቀይ ማባያ ያቃጥላል፣ ግን እኛን አያስደነግጠንም። አንዱ ሳህን ላይ ብዙ ፍሬ ስለሚመጣ ለመካፈል ከዚህ የሚመች ምግብ የለም። ከዚያ ወደ ሩዝቬልት ጎዳና ወጣ ብላችሁ ከጋሪ ላይ አሬፓ ግዙ፤ አይብ ያለበት ወፈር ያለ የበቆሎ ቂጣ ነው። ሲመሽ ደግሞ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር የታኮ ጋሪዎቹ ይበዛሉ።

ቆማችሁ መብላታችሁ ቅር የሚያሰኛችሁ ከሆነ ግን ይህ ሰፈር አይሆናችሁም።

ሁለተኛው ማረፊያ የባቡሩ መጨረሻ ነው፤ ፍላሺንግ፣ ሜይን ስትሪት። ከታይምስ ስኩዌር 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የማንሃተኑን ቻይናታውን ያየ ሰው «ቻይናታውን አይቻለሁ» ብሎ ፍላሺንግን መዝለል የለበትም። እዚህ ያለው ከተለያዩ የቻይና ክፍለ ሀገራት የመጣ ምግብ ነው። ብዙው የሚሸጠው በገበያ ማዕከሎች ውስጥ ነው። የታወቁት ኒው ወርልድ ሞልና ጎልደን ሾፒንግ ሞል ናቸው። አንዳችሁ ጠረጴዛ ያዙ፣ ሌሎቻችሁ ተበተኑ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። በአንድ ጊዜ አምስት ዓይነት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይሞላል።

ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሺያን ፌመስ ፉድስ በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የጀመረው ጎልደን ሾፒንግ ሞል ምድር ቤት ውስጥ ነው። በእጅ የተጎተተ ሰፊ ኑድል በበግ ሥጋና በከሙን፤ አሳማ የማይበላ ሰው የሚደሰትበት ነው። ግን ማንሃተን ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ፍላሺንግ ድረስ ሄዳችሁ ሆዳችሁን በሱ ባትሞሉት እመርጣለሁ። እንደ ሞሞ በሊጥ የተጠቀለለው ሾርባ ያለበት ምግብ፣ ሾ ሎንግ ባኦ የሚሉት፣ በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው። ያለ አሳማ መኖሩን ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ጾመኛ አብሯችሁ ካለ ፍላሺንግ ሌላም ነገር አላት። ባውን ስትሪት ላይ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ምድር ቤት ውስጥ ካንቲን አለ። ሥጋም እንቁላልም አይገባበትም። ዶሳ የሚሉት ስስ ቂጣ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚሠራ ሲሆን ሊጡ እንደ እንጀራ ቦክቶ ነው የሚጋገረው። «ቅቤ ይቅር» ማለት ብቻ አትርሱ። ዋጋውም ኪስ የማይነካ ነው።

ቅዳሜ ማታ ከሆነ፣ ወሩም ሞቃት ከሆነ፣ ቀኑን ኩዊንስ ናይት ማርኬት ላይ ጨርሱት። ፍላሺንግ ሜዶውስ ኮሮና ፓርክ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ የሚካሄድ የማታ ገበያ ነው። አዘጋጆቹ ለምግብ የዋጋ ጣሪያ አስቀምጠዋል፤ አብዛኛው 5 ወይም 6 ዶላር ነው። ለሚካፈል ቡድን የተሠራ ይመስላል። በብርዱ ወራት የለም።

የኩዊንስ ጉድለት? ቅዳሜና እሁድ ሐዲድ ይጠገናል እየተባለ 7 ቁጥር ብዙ ጊዜ ይቋረጣል፤ ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ። አንዳንዱ ሻጭ ካርድ አይቀበልም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ወዳጃችሁ ብሮንክስ ወይም ደቡብ ብሩክሊን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። ያም ሆኖ መልሴን አልቀይርም።

የማንሃተን ታችኛው ክፍል

«ኒውዮርክ ሄጄ እንዲህ በላሁ» ብሎ ማውራት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሎወር ኢስት ሳይድ ነው። ስም ያላቸው ቤቶች እዚህ ይበዛሉ። ስም ደግሞ ዋጋ አለው።

ካትዝ ከ1888 ጀምሮ ያለ የሳንድዊች ቤት ነው። የሚታወቀው በፓስትራሚው ነው። የበሬ ሥጋ በጨውና በቅመም ይታሻል፣ ይታጠናል፣ ከዚያ በእንፋሎት ይለሰልሳል፤ በመጨረሻ በእጅ ተቆርጦ ራይ በሚባል ጠቆር ያለ ዳቦ ይቀርባል። በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ትኬት ይሰጣል። ያዘዛችሁት እሱ ላይ ይጻፋል፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ትኬቱን ከጣላችሁ መቀጮ አለው። ወዳጃችሁ የሚረሳ ዓይነት ከሆነ የሱንም እናንተ ያዙት። ሳንድዊቹ ከ25 ዶላር በላይ ነው። ውድ ነው፣ አዎ። ግን ትልቅ ነው፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ቆራጩ እያዘዛችሁ ሳለ አንድ ቁራጭ ያስቀምሳችኋል፤ ሰው ደግሞ ለሱ ጥቂት ዶላር ጉርሻ ያስቀምጣል።

በዚያው በሂውስተን ጎዳና ጥቂት ዝቅ ብሎ ራስ ኤንድ ዶተርስ የሚባል የታጨሰ ዓሣ ቤት አለ። የተመሠረተው በ1914 ነው። ባለቤቱ ሦስት ሴት ልጆቹን የንግድ ሸሪክ አድርጎ ታፔላው ላይ «እና ሴት ልጆቹ» ብሎ ጻፈ፤ በዚያ ዘመን ታፔላ ላይ የሚጻፈው «እና ልጆቹ» ሲባል ወንድ ልጆች ነበሩ። የታጨሰ ሳልመን በቤግል፣ ቀለበት በሚመስለው ዳቦ፣ ላይ ብሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም።

ለጾመኛው ከካትዝ የሁለትና የሦስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ሂውስተን ጎዳናን ተሻግሮ፣ ፑንጃቢ ዴሊ አለ። ከ1994 ጀምሮ የታክሲ ሹፌሮች መብያ ነው። ሥጋ የለውም። ሩዝ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አትክልት በሳህን ይሰጣችኋል፣ ዋጋውም ከካትዝ ሳንድዊች በእጅጉ ያንሳል። ቅቤ ያለበትንና የሌለበትን ጠይቁ። ይህን ሰፈር የምወደው በዚህ ነው፤ ፍስክ በሊታውና ጾመኛው አንድ መንገድ ላይ ይጠግባሉ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግን ተቀምጦ ለመጨዋወት አይሆንም።

ፒዛ ላይ ሰው ይጣላል። በእኔ እይታ ጥያቄው ቁራጭ ነው ወይስ ሙሉ የሚለው ነው። እየተዘዋወራችሁ ከሆነ ቁራጭ፤ ካርማይን ስትሪት ላይ ያለው ጆስ ከ1975 ጀምሮ ቁራጭ ይሸጣል፤ አጥፋችሁ፣ ቆማችሁ ትበላላችሁ። ደክሟችሁ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ሙሉ ፒዛ፤ ከ1905 ጀምሮ ስሙ ያለው ሎምባርዲስ በከሰል ምድጃ ይጋግራል፣ ቁራጭ አይሸጥም። በነገራችን ላይ፣ የኒውዮርክ ሰው የፒዛ ቁራጭ ዋጋና የባቡር ዋጋ አብረው ይጨምራሉ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ የወጣው በ1980 ነው። ዛሬ ባቡሩ 3 ዶላር ገደማ ነው። የቁራጩን እናንተ ደርሳችሁ አመዛዝኑ።

የዚህ ሰፈር ጠላቱ ወረፋ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ካትዝ መሄድ ራስን መቅጣት ነው። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ አምሽታችሁ ሂዱ። ወዳጃችሁ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ይህ ሰፈር በደንብ ይስማማችኋል።

ልጆች ካሉ ብሮንክስ

የወዳጃችሁ ልጆች አብረው የሚወጡ ከሆነ አርተር አቬኑ ሂዱ። ጠዋት ብሮንክስ ዙ፣ የእንስሳት ማቆያው፣ ከሰዓት ምግብ። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሰፈሩ የቆየ የጣሊያኖች ሰፈር ነው። መሀሉ ላይ ያለውን ባለጣሪያ ገበያ በ1940 ያስከፈቱት ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ናቸው። በጋሪ መንገድ ላይ የሚነግዱትን ወደ ውስጥ ለማስገባት ነበር። ዛሬም አይብ፣ ሥጋ፣ ዳቦና አትክልት ይሸጥበታል።

ትኩስ ሞዛሬላ፣ ዳቦና ወይራ ገዝታችሁ እዚያው መክሰስ መሥራት ትችላላችሁ። ከኩዊንስ ጋር ስናስተያየው ዓይነቱ ያንሳል። ግን ጸጥ ያለ ነው፣ ልጅ አይጠፋባችሁም፣ መቀመጫም አለ። ሌላም ጥቅም አለው። የወዳጃችሁ ሚስት ወይም ባል «ውጪ መብላት ይብቃ፣ ቤት እናብስል» ካሉ ከቦርጋቲስ ትኩስ ፓስታ ገዝቶ መመለስ ይቻላል። ቤቱ ከ1935 ጀምሮ ፓስታ ይሠራል፤ ሊጡንም እናንተ በመረጣችሁት ስፋት ይቆርጥላችኋል።

ብሩክሊን፦ ባሕር ወይስ ፎቶ?

ብሩክሊን ሰፊ ስለሆነ «ብሩክሊን እንብላ» ብሎ መውጣት ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ቦታ ላወዳድርላችሁ።

አንዱ ስሞርጋስበርግ ነው። በ2011 ዊሊያምስበርግ የጀመረ የቅዳሜ የምግብ ገበያ ነው፤ ሞቃት ወራት ላይ ብቻ ነው ያለው። ወንዙን ተሻግሮ የማንሃተን ሕንፃዎች ይታያሉ። ፎቶው ያምራል። ዋጋው ግን ከኩዊንስ የማታ ገበያ እጥፍ ሲሆን አይቻለሁ፤ በየድንኳኑም ወረፋ አለ። ሳህኑ አንድ ሰው አስቦ የተሞላ ስለሆነ ለመካፈልም አይመችም። ሁለቱ ገበያዎች በአንድ ቀን ከዋሉ ሳላመነታ የኩዊንሱን እመርጣለሁ።

ሌላው ብራይተን ቢች ነው። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ሰዎች ሰፈር ነው፤ የሩሲያ፣ የኡዝቤክና የጆርጂያ ምግብ ይበላበታል። ፕሎቭ የሚባለው በሥጋና በካሮት የሚበስል ሩዝ በትልቅ ሳህን ስለሚመጣ እንደኛ ዙሪያውን ከቦ ለመብላት ነው። ኻቻፑሪ ደግሞ አይብ የሞላበት ትኩስ ዳቦ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ቆርሳችሁ ተካፈሉት። ከዚያ በባሕሩ ዳር የእንጨት መንገድ ወደ ኮኒ አይላንድ በእግር ትሄዳላችሁ። እዚያ ከ1916 ጀምሮ ያለው ናታንስ አለ፤ ሆት ዶጉ የበሬ ሥጋ ነው። ብዙ አትጠብቁ፣ ሆት ዶግ ሆት ዶግ ነው። ከመሀል ማንሃተን እስከዚህ አንድ ሰዓት ገደማ በባቡር ይፈጃል። ለሞቃት ቀን ድንቅ ነው። በጥር ግን ንፋሱ ፊት ይልጣል፤ አትሞክሩት።

ሃርለም፣ ለእሁድ

ሃርለምን የማስቀምጠው ተቀምጦ ለመጨዋወት ለሚፈልግ ነው። ሲልቪያስ ከ1962 ጀምሮ የጥቁር አሜሪካውያንን ምግብ ያቀርባል፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ማካሮኒና አይብ፣ የበቆሎ ዳቦ። ጎመኑን ስታዙ ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ወይም በሌላ ሥጋ እንደሚቀቀል እወቁ። እዚያው ጎዳና ላይ ያለውን ሬድ ሩስተር በ2010 የከፈተው ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። «የኛ ልጅ» ብሎ መሄድ ደስ ይላል፣ ዋጋውን ግን ቀድማችሁ እዩ። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ወደ 116ኛ መንገድ ውረዱ፤ የሴኔጋል ሰዎች ሩዝ በዓሣ ያበስላሉ፣ አንዱ ሳህን ለሁለት ይበቃል።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ያለው ሰዓት ይጨናነቃል። ጠረጴዛ ቀድማችሁ ያዙ።

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛስ?

አንድ ማታ ልበሱና ወደ ትልቅ ቤት ሂዱ የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ኪሳችሁ ካልፈቀደ ሬስቶራንት ዊክን ጠብቁ። በ1992 የጀመረ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በብርዱ አንዱ በሙቀቱ ወራት፣ ብዙ ምግብ ቤቶች ቋሚ ዋጋ ያለው ምሳና እራት ያቀርባሉ። ምሳውን ምረጡ፤ ወጥ ቤቱ ያው ነው፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ተካፍሎ መብላት ግን እዚያ አይሠራም። ለዚህ ነው እኔ ከሰፈሮቹ በታች የማስቀምጠው። ታይምስ ስኩዌር ዙሪያ ስላሉት ምግብ ቤቶች ከጠየቃችሁኝ፣ ብርሃኑን አይታችሁ በባቡር ውጡ።

ገንዘቡና ወዳጅነቱ

ሜኑ ላይ የምታዩት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። 8.875 በመቶ ታክስ ይጨመራል። ተቀምጣችሁ የተስተናገዳችሁበት ቤት ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቃል። 40 ዶላር ያላችሁት ምሳ ወደ 51 ይደርሳል ማለት ነው። ጋሪና የገበያ ማዕከል ላይ ቲፑ ይቀራል ወይም ጥቂት ሳንቲም ይሆናል፤ ኩዊንስ የሚረክሰው በዋጋው ብቻ አይደለም። ንጽሕናው ካሳሰባችሁ በምግብ ቤቱ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ፊደል እዩ። ከ2010 ጀምሮ የከተማው ጤና ቢሮ ለምግብ ቤቶች ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይሰጣል።

ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ቆሜ አንተ አትከፍልም» የሚለው ትግል መቼም አይቀርም። የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ የተቀበላችሁ ወዳጅ ይሆናል፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ አስተናጋጁም ወደሱ ያያል። ይህ ለወዳጃችሁ ከባድ ነው። በዓመት ስንት እንግዳ እንደሚቀበል አስቡ። ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ፤ ሶፋው የሱ፣ ምግቡ የእናንተ። እምቢ ካለ ቢያንስ በየቤቱ ተራ ግቡ። ጃክሰን ሃይትስ ሞሞውን እናንተ፣ አሬፓውን እሱ። በትንንሽ ሳህን የሚበላበት ሰፈር እዚህም ላይ ይረዳል፤ አንድ ሰው ላይ የሚወድቅ ትልቅ ሒሳብ የለም።

ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ ደግሞ የሒሳቡን ወረቀት በደንብ አንብቡ። ብዙ ቤት ለብዙ ሰው ቲፑን ራሱ ደምሮ ያመጣል። ካላያችሁት ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።